ከሸጎሌ ማዶ

«ሸጎሌ! ሸጎሌ! አንድ ሰው!» ሲባል እየሰማሁ ያደግኩ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ። ሸጎሌ የሰው ስም መሆኑን ያወቅኩት ግን ጢም ካበቀልኩ በኋላ ነው። የአሶሳው ገዥ ሼህ ሆጀሌ አልሐሰን አዲስ አበባ ላይ ቤተ መንግሥት ነበራቸው፤ ሰፈሩ በእሳቸው ተጠራ፤ «ሼህ ሆጀሌ» በአዲስ አበቤ አፍ ተላምጦ ተላምጦ ሸጎሌ ሆነ። ከዚህ ወዲያ ስለ አሶሳ የማውቀው ሁለት ነገር ነበር፤ ማንጎና አክስቴ።

አክስቴ የወሎ ሰው ናት። በ1977ቱ ድርቅ ከወረኢሉ ተነሥታ፣ ግማሹን መንገድ በጭነት መኪና፣ ግማሹን በአንቶኖቭ ተጉዛ አሶሳ የወረደችው ሰፋሪ ተብላ ነው። እኔ ያን ጊዜ አልተወለድኩም። ቤተሰብ ውስጥ ስትነሣ «አሶሳ ያለችው» ነው የምትባለው፤ ሌላ መጠሪያ ያላት አይመስልም ነበር። ባለፈው ጥቅምት «ሳልሞት ና» ብላ ስትደውል ሄድኩ። በነቀምት፣ በጊምቢ፣ በነጆና በመንዲ አድርጎ፣ ዳቡስን ተሻግሮ፣ በባምባሲ በኩል አሶሳ ስለሚገባው 670 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ያማከርኩት ሰው ሁሉ ራሱን እየነቀነቀ «በአውሮፕላን ሂድ» አለኝ።

አውሮፕላኑ ላይ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ወርቅ ነጋዴ ነው። ከቦርሳዬ ያወጣሁትን የትንኝ መከላከያ ቅባት አየና ፈገግ አለ። «አንተ ደገኛ ነህ፣ ይገባሃል። እነሱን እንኳ ወባ አይነካቸውም፤ ደማቸው ለምዶታል» አለኝ። «እነሱ» ያላቸው እነማንን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ክፉ ሰው አይደለም፤ ከረሜላ አካፍሎኛል፣ ስንደርስም ሻንጣዬን ከላይ አውርዶልኛል። ንግግሩ ግን እንደ እሾህ ተሰክቶብኝ ሰነበተ።

አሶሳ ሞቃት ናት፤ ያውም ጥቅምት ገና ቀዝቃዛው ወቅት ነው ይላሉ። መንገዱ የባጃጅ ነው፤ ጥላው የማንጎ ዛፍ ነው፤ አጥሩም፣ ወንበሩም፣ የዶሮ ቤቱም ሽመል ነው። ደጋ የምናውቀው ቀርከሃ ውስጡ ባዶ ነው፤ የዚህ አገሩ ሽመል ግን ድፍን ስለሆነ ይከብዳል። ባለ ባጃጁን ወደ አክስቴ መንደር ውሰደኝ ስለው «ቁጥሩ ስንት ነው?» አለኝ። አላስታወስኩም። «ያለ ቁጥር የት ልውሰድህ?» አለና ሞተሩን አጠፋ። ሰልጋ ስንት፣ መገሌ ስንት፣ አምባ ስንት ነው የሚባለው። ደርግ ሰዉን ሲያሰፍር መንደሩን በቁጥር ጠራው፤ ቁጥሩ ስም ሆኖ ቀረ። አርባ ዓመት ሙሉ ሰው ወልዶ፣ ድሮ፣ ቀብሮ በቁጥር ይጠራል። ደውዬ ጠየቅኳትና ሄድን።

አክስቴ ከማንጎዋ ሥር ረከቦቷን ዘርግታ ጠበቀችኝ። አገላብጣ ስማኝ ካበቃች በኋላ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «አጎበር ይዘሃል?» ብላ ነው። ሁለተኛው ቡና ላይ እኔ ሳልጠይቃት ጀመረች።

«ሦስት ወልጄ ነው የመጣሁት የኔ ልጅ። ክረምቱ ሳይወጣ አንድ ቀረኝ። ያኔ ሰው ሲቀበር ቀባሪው ራሱ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አካፋውን ይዞ ይንቀጠቀጥና አስቀምጦ ይተኛል። ሌላው ያነሣዋል።»

ድንኳን አልነበረም፣ ለቀስተኛም አልነበረም። ያኔ ከየቦታው ተነሥተው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ የሰፈሩት 600 ሺህ ገደማ ሰዎች ናቸው። «ድንበር የለሽ ሐኪሞች» የሚባለው ድርጅት የፈረንሳይ ክንፍ በአሰፋፈሩ ሰው እያለቀ ነው ብሎ በመናገሩ በ1978 ከአገር ተባርሯል። ይህን ለአክስቴ ብነግራት ምን ይፈይድላታል? እሷ ቀባሪውን አይታዋለች።

«ታዲያ» አለች ቡናውን እየቀዳች፣ «የአገሩ ሰዎች፣ በርታዎቹ፣ አይሞቱም እንል ነበር። ደማቸው ነው እንል ነበር። ኋላ ስንጎራበት፣ ለቅሶ ስንደራረስ አየሁት። እነሱም ይሞታሉ። የነሱ የሚሞተው ገና ሳይድህ ነው እንጂ። ለጨቅላ ለቅሶ ብዙ ሰው አይቀመጥ፤ እኛ በምን እንወቀው?»

ወርቅ ነጋዴው ትዝ አለኝ። የእሱና የአክስቴ የድሮ አነጋገር ቃል በቃል አንድ ነው። ልዩነቱ እሷ ለቅሶ መድረሷ ነው።

ሐኪሞች ይህንኑ በራሳቸው ቋንቋ ያስረዱታል። ወባ በማይጠፋበት አገር የተወለደ ልጅ በሽታው እየደጋገመ ይጥለዋል። ከተረፈ፣ አምስት ዓመት አካባቢ ሲሞላው ሰውነቱ ትግሉን በከፊል ይለምዳል፤ ከዚያ በኋላ ወባ ሲይዘው ትኩሳት ይኖረዋል እንጂ እንደ ደገኛው በሦስት ቀን አይገድለውም። ለምዷል የምንለው ሰው ከፈተናው የተረፈው ነው፤ ያልተረፉት ወንድምና እህቶቹ መቃብር ውስጥ ስለሆኑ አናያቸውም። ያም ልምድ ቢሆን ዘላቂ አይደለም። ሴቲቱ ስታረግዝ፣ በተለይ በመጀመሪያ እርግዝናዋ፣ ተውሳኩ እንግዴ ልጅ ውስጥ ይሸሸግና መከላከያዋ እንደ አዲስ ይከዳታል። «ደማቸው ለምዶታል» የሚለው አባባል ታዲያ ከአላዋቂነት የባሰ ጥፋት አለው። የማይታመም ሰው መድኃኒት አያስፈልገውማ።

እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገው የሀገሪቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት አምስተኛ ዓመታቸውን ሳይደፍኑ የሚሞቱት በአዲስ አበባ 53፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ 169 ነበሩ፤ ከአገሪቱ ክልሎች ሁሉ የከፋው ቁጥር ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ ሲለካ አዲስ አበባ ወደ 39፣ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ወደ 98 ወረደ። ይህን ለውጥ ማናናቅ ነውር ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴት ሠራተኞች መድቦ፣ ክትባቱንም አጎበሩንም በእግር አድርሷል፤ ከ169 ወደ 98 ያለውን ቁልቁለት በአብዛኛው በእግራቸው የወረዱት እነዚያ አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ልጃገረዶች ይመስሉኛል። ሆኖም ቁጥሩ የሚያወራው ስለ ክልል ነው። በ1999ኙ ቆጠራ መሠረት ከክልሉ ነዋሪ ከመቶ 26 ገደማው በርታ፣ 21 አማራ፣ 21 ጉሙዝ፣ 13 ኦሮሞ ነበር፤ ሺናሻው ከመቶ ስምንት አይሞላም፤ ማኦው ሁለት፣ ኮሞው አንድ አይሞላም። የክልሉ ሕገ መንግሥት ነባር ብሔረሰቦች የሚላቸው በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞን ነው። የአሶሳ ከተማ ልጅና የኮሞ ልጅ በአንድ አማካይ ውስጥ ሲደመሩ ከተሜው ኮሞውን ይሸፍነዋል። «አናሳ» የሚለው ቃል ሁልጊዜ ቆጣሪው የቆመበትን ቦታ ነው የሚያሳየኝ፤ እዚህ ክልል ውስጥ ደግሞ አናሳው ውስጥ ሌላ አናሳ አለ።

በማግስቱ አክስቴን ደም ግፊቷን ልናስለካ ጤና ጣቢያ ሄድን። ስሙን አልጽፍም። ሥራ የሚበዛበት፣ ሠራተኛ የማይበዛበት፣ እንደ ብዙዎቹ ነው። ግድግዳው ላይ «በጤና ተቋም እንውለድ» የሚል ፖስተር አለ። ነጠላ የለበሰች ጠይም ሴት ነጭ አንሶላ ላይ ተኝታ ሕፃን ታቅፋለች፤ ባሏ በጋቢ አጠገቧ ቆሟል። ጋቢ! በአሶሳ ሙቀት እያላበኝ ፖስተሩን ሳየው ሠዓሊው ከደብረ ብርሃን ወርዶ የማያውቅ መሰለኝ። ጽሑፉ አማርኛ ነው። አግዳሚው ላይ ከተቀመጡት አሥራ ሁለት ሰዎች ፖስተሩን ያነበብነው እኔና አንድ ተማሪ ነን።

ተማሪው አያቱን ይዞ ነው የመጣው። አሮጊቷ በርታ ናቸው፤ ቀጭን፣ ረዥም፣ ጥቁር ሻሻቸውን ወደ ኋላ የጣሉ። ከአክስቴ ጋር ተሳስመው ጉልበታቸውን ተጠያየቁ፤ አክስቴ አርባ ዓመት የለቀመችውን በርታኛ ሁሉ አፈሰሰችው። ተራቸው ሲደርስ በሩ ገርበብ ብሎ ስለቀረ ሰማሁ። ነርሷ በአማርኛ «ምን ያማቸዋል?» አለች። ልጁ ጠየቀ። አሮጊቷ ትንሽ ዝም አሉና ዘለግ አድርገው ተናገሩ። ልጁ «ራሷን ነው የሚያማት» አለ። ነርሷ ጻፈች። «ሌላስ?» ልጁ ጠየቀ፤ አሮጊቷ መሬት መሬት እያዩ መለሱ። «ሌላ የለም።»

እንዲህ ተጽፎ ሊያበቃ ነበር። ወለሉን ስታጥብ የነበረችው የጽዳት ሠራተኛ መወልወያዋን በሩ ላይ አስደግፋ ገባች። «ሲስተር፣ ልጁ ይውጣ» አለች፣ ሌላ ምንም ሳትጨምር። ልጁ ወጣ። በሩ ተዘጋ።

ውስጥ የተባለውን አልሰማሁም፤ መስማትም አይገባኝ። ኋላ አክስቴ የነገረችኝ ይህን ብቻ ነው፦ ሴትየዋ የሚያማቸው ማህፀናቸውን ነው፤ ከብዙ ወሊድ በኋላ የወረደ ማህፀን። አሥራ ሁለት ዓመት ለሆነው የልጃቸው ልጅ ይህን በየትኛው አፍ ይናገሩት? ስለዚህ ራሴን አሉ። መዝገቡ ላይ «ራስ ምታት» ሆኖ ቢቀር፣ የወሩ ሪፖርት ውስጥ «ራስ ምታት» ሆኖ ቢደመር፣ ከዓመት በኋላ አንድ ባለሙያ «በዚህ ወረዳ የማህፀን መውረድ ችግር ብዙም አይታይም» ብሎ ቢጽፍ አልዋሸም። እኔ ያየሁት መዝገብ የስም፣ የዕድሜ፣ የቀበሌና የበሽታ ዓምድ አለው። የቋንቋ ዓምድ የለውም።

የጽዳት ሠራተኛዋ ደሞዝ የሚከፈላት ለወለሉ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1971 ጁሊያን ቱዶር ሃርት የሚባል፣ ዌልስ ውስጥ ከሰል ቆፋሪዎችን የሚያክም ሐኪም፣ ጥሩ ሕክምና የሚገኘው ባብዛኛው እምብዛም በማይፈለግበት ቦታ ነው፤ አብዝቶ በሚያስፈልግበት ቦታ ግን ይጠፋል ብሎ ጻፈ። «የተገላቢጦሽ ሕግ» አለው። ይህ አባባል ሐኪሞች ዘንድ ዝነኛ ነው። እሱ የጻፈው ስለ ሐኪምና ስለ ገንዘብ ነው። እኔ አሶሳ ያየሁት መጨመር ያለበት ሌላም ነገር እንዳለ ነው፤ ማዳመጥም በተገላቢጦሽ ነው የሚታደለው። ብዙ የታመመው ሰው ለመስማት ብዙ ጊዜ የሚፈጅ ነው፤ ሰሚው ደግሞ ጊዜ የለውም።

ወርቅ ነጋዴውን ከተማ ውስጥ እንደገና አገኘሁት፤ ሰው ሚዛን ላይ እንደሚያስቀምጥ ዓይነት ሰላምታ ሰጠኝ። ወርቁን የምታጥበው በርታዋ ሴት ናት። በመንጌና በኩርሙክ በኩል ያሉት ወንዞች ዳር እናትና ልጅ ጎንበስ ብለው አፈሩን በእንጨት ገበቴ ያዞራሉ፤ ውኃው አፈሩን ይወስድና ከጥቁሩ ደለል መሐል አንዲት ቢጫ ነጥብ ትቀራለች። ነጥቧን በላባ ወይም በጣት ጫፍ ያነሷታል። ይህ ሥራ ከሼህ ሆጀሌም በፊት የነበረ ነው። ራስ መኮንን በ1890 ዘምተው አካባቢው ወደ ምኒልክ ግዛት ሲጠቃለል የተጫነው ግብር ወርቅ ነበር፤ የሰው ልጅም ከግብሩ ተለይቶ አልቀረም።

ሥራው ቤት አያሳድርም፤ ወንዝ ዳር ያሳድራል። አጎበር የሚታደለው በቤት ቁጥር ነው፤ መድኃኒቱ የሚረጨው ግድግዳ ላይ ነው። ወንዝ ዳር በተተከለ ዳስ ሥር የሚያድር ሰው ግድግዳ የለውም። «አጎበር እየሰጠናቸው አይጠቀሙም» ሲባል ስሰማ ከእንግዲህ የማስበው ዳሱን ነው፤ ምኑ ላይ ይሰቀል?

አክስቴ ጎረቤት አንዲት አዋላጅ ነርስ ተከራይታ ትኖራለች። መተከል ዞን ውስጥ፣ ጉሙዞች በሚበዙበት አንድ ወረዳ አራት ዓመት ሠርታለች። ማታ ማታ አክስቴ ዘንድ ቡና ትጠጣለች፤ እኔም የጉዞዬን ግማሽ ያተረፍኩት ከዚያ ነው።

የጉሙዝ ሴት ልማድ በጋዜጣችን ብዙ ጊዜ ተጽፏል፤ ምጥ ሲይዛት ከቤት ወጥታ ጫካ ወይም ወንዝ ዳር ብቻዋን እንደምትወልድ፣ የወሊድ ደም ቤት ውስጥ ከፈሰሰ መዓት ያመጣል እንደሚባል፣ በወር አበባዋም ጊዜ ገለል እንደምትል። የሚጻፈው ሁልጊዜ «ጎጂ ልማዳዊ ድርጊት» በሚል ርዕስ ሥር ነው። ጎጂነቱን ማን ይክዳል? ብቻዋን ጨለማ ውስጥ ደም የሚፈሳት ሴት አጠገቧ ማንም ከሌለ ትሞታለች። ሥልጠናው የሚሰጠው ግን በአንድ ቃል ነው፤ «ግንዛቤ ማስጨበጫ»። ግንዛቤ የሚጨበጥ ዕቃ ይመስል።

«ስድስት ወር ሙሉ አስተማርን» አለች ሲስተር። «ይሰሙናል፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ማንም አይመጣም። አንድ ቀን አንዲት አሮጊት በአስተርጓሚ ጠየቁኝ። 'እናንተ ጋ ስትወልድ ደሙ የት ይሄዳል?' አሉኝ። እኔ ስለ ደም መፍሰስ የጠየቁኝ መስሎኝ ስለ መርፌው ማብራራት ጀመርኩ። 'አይደለም፤ ደሙ፣ ደሙ የት ይሄዳል?'»

ሲስተር ይዛቸው ሄዳ ከማዋለጃው ክፍል ጀርባ ያለውን የእንግዴ ልጅ ጉድጓድ አሳየቻቸው፤ በሲሚንቶ የታነፀ፣ ክዳን ያለው። አሮጊቷ ዞሩት። ክዳኑን አስከፍተው አዩ። ከቤት ምን ያህል እንደሚርቅ በእግራቸው ለኩ። ከዚያ ሄዱ። በወሩ የልጃቸውን ሚስት ይዘው መጡ።

«ባህላቸው ቤት ውስጥ አትውለጂ አለ እንጂ ጤና ጣቢያ አትውለጂ አላለም እኮ» አለችኝ። «ጤና ጣቢያ ቤት አይደለም። ማንም አይኖርበትም። እኛ ግን 'እንደ ቤታችሁ ነው፣ እንደ ቤታችሁ ነው' እያልን ስድስት ወር ሰበክን!»

ሳቋን መቆጣጠር አቃታት፤ አክስቴም ሳቀች። እኔ ቡናዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። ሜሪ ዳግላስ የምትባል እንግሊዛዊት አንትሮፖሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመችው «ንጽሕናና አደጋ» በሚለው መጽሐፏ፣ ቆሻሻ ማለት ከቦታው ውጭ የተገኘ ነገር ነው የሚል ሐሳብ አላት። ጫማ በራሱ ቆሻሻ አይደለም፤ ማዕድ ላይ ሲወጣ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ለፈተና ሸምድጄው ነበር። የጉሙዟ አሮጊት ሳያነቡት፣ ክዳኑን አስከፍተው ፈተሹት፤ ደሙ ቦታ አለው ወይስ የለውም? ቦታ ካለው ጉዳዩ አለቀ። ክልከላው እኛ ልናሸንፈው የተነሣን ጠላት ነበር፤ አጠገባችን ቆሞ የነበረ አጋር ሊሆን ይችል ነበር።

እዚህ ላይ ግን ራሴን ልግታ። ጉድጓድ ማሳየት ሁሉን ይፈታል ብል ያው የግንዛቤ ሰባኪ መሆኔ ነው፤ የተገላቢጦሹ ዓይነት። ሲስተርም አልተወችኝም። «የመጡት ቅርብ ያሉት ናቸው» አለች። ሩቅ ላለችው ሴት ጥያቄው መንገድ ነው። አምቡላንሱ አስፋልት ይወዳል፤ ምጥ ደግሞ ሌሊት ይወዳል። ጉራጌ ውስጥ የአጣጥ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ሩቅ ያሉ ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው ሲቃረብ መጥተው የሚቆዩበት ቤት ሠርቶ ብዙ ሕይወት አትርፏል፤ ኋላም ነገሩ በመላ አገሪቱ ተዳርሷል። እነ ሲስተርም ከሽመል አንድ ማቆያ ሠርተው ነበር፤ ገንፎ የሚገነፋበት፣ ቡና የሚፈላበት። «ደስ ይላል፣ ግን ማን ይቆያል?» አለችኝ። የጉሙዝ ሴት እርሻው ላይ ናት፣ ወፍጮው ላይ ናት፣ ውኃው ላይ ናት። ትከሻዋ ላይ ባጋደመችው እንጨት በሁለቱ ጫፍ ሸክሟን አንጠልጥላ የምትሄደዋን ሴት ፎቶ አንሥተን «ውብ ባህል» እንላለን። እሷ ሦስት ሳምንት ተቀምጣ ምጥ ብትጠብቅ ቤቷን ማን ይሸከመዋል?

ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ መጀመሪያ ካማሺ ዞን፣ ቀጥሎ መተከል ሰላም አጣ። ጉሙዙም፣ አማራው፣ አገዉ፣ ሺናሻው፣ ኦሮሞውም ሞተ፣ ተሰደደ፤ ጤና ኬላዎች ተዘረፉ፣ ተዘጉ። ሲስተር የወጣችው በዚያ ጊዜ ነው። አሮጊቷና ምራታቸው የት እንዳሉ አታውቅም። ከዚህ በላይ መናገር አልፈለገችም፤ ሲኒዋን ገለበጠችው።

መተከል ላይ ስለ ጉሙዝና ስለ ደገኛ ሰፋሪዎች ጥልቅ ጥናት የሠራው ኢትዮጵያዊው አንትሮፖሎጂስት ወልደሥላሴ አቡቴ ነው። የሰፈራው መሬት ባዶ እንዳልነበረ የሚያሳይ ሥራ ነው፤ ጉሙዞች እያፈራረቁ የሚያርሱት፣ የሚያድኑበት፣ ማር የሚቆርጡበት ነበር። በጣሊያን ገንዘብ በተሠራው የጣና በለስ ፕሮጀክት ፓዌ ላይ ሆስፒታል ተተከለ። ሲተከል የታሰበው ለሰፋሪው ነው፤ መሬቱ ግን ከጉሙዙ የተወሰደ ነው። የአክስቴ ዓይነቱ ሰው ተገዶ መጥቶ በወባ አለቀ፣ ሆኖም መንግሥት አመጣውና መንግሥት ቆጠረው፤ የመንደር ቁጥርም፣ ክሊኒክም፣ ወፍጮም ከኋላው መጣለት። ነባሩ ቁጥር አልተሰጠውም። ባለ ባጃጁን አስቤ ሳቅኩ፤ ያለ ቁጥር የት ልውሰድህ?

ወደ መንገዱ ጉዳይ ልመለስ፤ መንገድ ለእኛ በረከት ነው፤ እዚህ አካባቢ የቅድመ አያቶች ትዝታ ሲነሣ መንገድ ባሪያ ፈንጋይ የሚመጣበት ነበር። ከደጋም መጣ፣ ከሱዳንም መጣ፤ የአካባቢው ሼሆችም ከነጋዴው ጋር ነበሩ፤ የሸጎሌው ባለቤትም ከዚህ ነፃ አይደሉም። ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ነው፤ የዛሬዎቹ አሮጊቶች እናቶች ያኔ ልጃገረዶች ነበሩ። ከመንገድ ርቆ፣ ጫካ ተጠግቶ መኖር ያኔ ዕውቀት ነበር፤ በሕይወት ያቆየ ዕውቀት። አሁን ጤና ኬላውን መንገድ ዳር ሠርተን «ለምን አይመጡም?» እንላለን። «ሻንቅላ» የሚለው ስድብም ከሰው አፍ ገና ጨርሶ አልወጣም። አግዳሚው ላይ የተቀመጠች እናት አማርኛ ባትችል እንኳ ያቺን ቃል ታውቃታለች።

ከመመለሴ በፊት አንዲት የበርታ ጎረቤት ለአክስቴ የደረቀ ከንከስ አመጣችላት፤ እኛ ባሚያ የምንለው ነው፤ በገንፎ ሲበላ የሚያንሸራትት። አክስቴ ግማሹን ለእኔ ቋጠረችልኝ። «አዲስ አበባ ስትበላው 'ይሄ ምንድን ነው?' ብለው እንዳይስቁብህ ብቻ» አለች። ወሎየዋ አክስቴ በርታ ሆናለች፤ አልነገርኳትም።

በመጨረሻው ቀን የደም ግፊት ክኒኗን ልወስድላት ጤና ጣቢያ ተመለስኩ። የጽዳት ሠራተኛዋ ከውጭ፣ ከማንጎው ሥር ተቀምጣ ምሳዋን በልታ ጨርሳለች። አወቀችኝ። አሮጊቷ ወደ ሆስፒታል እንደተላኩ፣ ማክሰኞ እንደሚሄዱ ነገረችኝ። አብራቸው ማን እንደሚሄድ ስጠይቃት በአገጯ ወደ ራሷ ጠቆመች። የዚያን ቀን ወለሉን ለሌላ ሰው ሰጥታለች።

ከኪሷ ጫፉ የተጣጠፈ ባለ 50 ቅጠል ደብተር አወጣች። ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምራለች፤ ጽሕፈቷ ጠንከር ያለ፣ ፊደሉ ሁሉ ቀጥ ብሎ የቆመ ነው። ግራው አማርኛ፣ ቀኙ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ በርታኛ። ይወጋኛል። ይቆረጥመኛል። ያቃጥለኛል። ያሳክከኛል። ሲስተሮቹ በየጊዜው ይቀየራሉ፤ አዲስ ስትመጣ ደብተሩን ታስነብባታለች። አንዳንዱ ቃል ፊት ለፊት ባዶ ነው፤ የጥያቄ ምልክት ብቻ ተቀምጦበታል።

«ጋሼ፣ አንተ አማርኛ ትጽፋለህ ብላኛለች አክስትህ» አለችና ጣቷን አንዱ የጥያቄ ምልክት ላይ አደረገች። «'ያቅለሸልሸኛል' እና 'ያጥወለውለኛል' አንድ ናቸው?»

አይደሉም አልኳት ወዲያው። «ልዩነታቸው?»

አፌን ከፈትኩ። አንዱ ሊያስመልስ ሲል ነው አልኩ፤ ሌላውም እኮ ሊያስመልስ ሲል ነው። አንዱ ሆድ ነው፣ ሌላው ራስም ይጨምራል፤ ያዞራል። አይ፣ የሚያዞረው ሌላ ቃል አለው። እጄን ሆዴ ላይ አደረግኩ፣ ከዚያ ደረቴ ላይ፣ ከዚያ አየር ላይ አዞርኩት። እሷ እስኪርቢቶዋን ይዛ እጄ የሚሄድበትን በዓይኗ እየተከተለች ትጠብቀኛለች።